ላሟ በየዓመቱ ካልወለደች የመንግሥት ድጋፍ የት ይደርሳል?

የአንባብያን ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ

ለዚህ እትም ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋ፣ ከሆለታ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎና ከአዲስ አበባ ዳርቻ የደረሱን ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ ወተቷን ለሽያጭ ሳያልቡ፣ ጥጃዋን እያጠባች ለሥጋ እንድታሳድግ ስለሚያዙ ላሞችና መንግሥት ለዚህ ሥራ ስለሚሰጠው ድጋፍ። መልሱን የሰጡት የእንስሳት እርባታ፣ የእንስሳት ጤናና የግብርና ብድር ባለሙያዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ በአየርላንድና በስኮትላንድ መንግሥት ጥጃ ለምታሳድግ ላም በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል ሲባል ሰምቻለሁ። እኛ አገርስ እንዲህ ያለ ክፍያ አለ? ከሌለ ምን ድጋፍ መጠየቅ እችላለሁ? (ከሰንዳፋ)

የሰሙት እውነት ነው። አየርላንድ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥጃ ለሚያሳድጉ ላሞች ክፍያ አላት፤ ለመጀመሪያዎቹ ላሞች በእያንዳንዷ 150 ዩሮ፣ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ላሉት 120 ዩሮ። ገበሬው ገንዘቡን የሚያገኘው ላሞቹን ስለያዘ ብቻ አይደለም። ላሟንና ጥጃዋን መዝኖ ማስመዝገብ፣ የዘር ናሙና መስጠት፣ የሚተኩ ጊደሮችን በዘር ደረጃቸው መምረጥ ግዴታው ነው። ስኮትላንድ ደግሞ የምትከፍለው በላሟ ሳይሆን በጥጃው ነው። ጥጃው ቢያንስ 75 በመቶ የሥጋ ዝርያ ደም ሊኖረው፣ ከተወለደ በኋላም ቢያንስ 30 ቀን እዚያው እርሻ ላይ ሊቆይ ይገባል። ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ተጨማሪ መስፈርት ገብቷል፤ ላሟ ከአንዱ ወሊድ እስከ ሌላው ከ410 ቀን በላይ መቆየት የለባትም።

ይህን የ410 ቀን ቁጥር ልብ ይበሉት። በእኛ ደጋ አካባቢ ብዙ የሐበሻ ላሞች ከአንዱ ወሊድ እስከ ሌላው ዓመት ከመንፈቅ፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ይቆያሉ። ከዚህ በታች የምንሰጣቸው መልሶች ሁሉ የሚያያዙት ከዚህ ጋር ነው።

በኢትዮጵያ ላም ቆጥሮ በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ የለም። ድጋፉ የሚመጣው በአገልግሎትና በግብዓት መልክ ነው፤ ሰው ሠራሽ ማዳቀል፣ የክትባት ዘመቻ፣ የመኖ ዘርና ችግኝ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል የሚመጣ ግብዓት፣ ሥልጠናና ብድር። በህዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ይህን ድጋፍ ወደ መንደር አቅርቦታል። ይሁንና በብዛት የሚታየው በወተት፣ በእንቁላል፣ በዶሮና በማር ላይ ነው። ለሥጋ የሚሆን ጥጃ የሚያሳድግ ሰው ራሱ ካልጠየቀ የሚደርሰው ለወተት ላም የተዘጋጀው አገልግሎት ነው። በእኛ ግምት ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ወደ ወረዳው ወይም ወደ ክፍለ ከተማው የግብርና ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ «ድጋፍ ስጡኝ» ብቻ ብለው አይመለሱ። አራት ነገሮችን ለይተው ይጠይቁ። አንደኛ፣ የቦረና ኮርማ አባላዘር (ላሟ በሰው ሠራሽ መንገድ የምትዳቀልበት የኮርማ ዘር)፤ ለሥጋ ጥጃ በምትሆን ላም ላይ የወተት ዝርያ የሆነውን የሆልስታይን አባላዘር መጠቀም ከቦረናው ያነሰ ምርጫ ነው፤ ትንሽ ገላ ባላት የሐበሻ ጊደር ላይ ደግሞ ጥጃው ገዝፎ ምጥ ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ የእርግዝና ምርመራ። ሦስተኛ፣ የአጃና የቬች (ከአጃ ጋር ተደባልቆ የሚዘራ የመኖ ተክል) ዘር። አራተኛ፣ የዓመቱ የክትባት መርሐ ግብር የጊዜ ሰሌዳ። ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ የእያንዳንዷን ላም የጆሮ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ የመጨረሻ ወሊድ ቀንና የጥጃዋን ሁኔታ የያዘ አንድ ገጽ አያይዙ። ባለሙያው ዓመታዊ ዕቅድ የሚያወጣው በቁጥር ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ የሌለች ላም በዕቅዱም አትገባም።

ጥያቄ፦ አንድ ሄክታር የሣር መሬትና አምስት ላሞች አሉኝ። ወተቱ ድካም ሆኖብኛል፤ ጥጃ እያሳደግሁ መሸጥ ያዋጣኛል? (ከሱሉልታ)

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 300 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን የክብደቷን 2.5 በመቶ ያህል፣ ማለትም 7.5 ኪሎ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። በዓመት 2,700 ኪሎ ግድም ይሆናል። ድርቆሽ ውስጥ የሚቀረው ርጥበት ሲታሰብ 3,100 ኪሎ ድርቆሽ ማለት ነው፤ አንዱ እስር 14 ኪሎ ቢመዝን 220 እስር። የተፈጥሮ ሣር መሬት በሄክታር ከ3 እስከ 4 ቶን ድርቆሽ ቢሰጥ ደህና ነው። ስለዚህ የእርስዎ አንድ ሄክታር የሚችለው አንዲት ላምና ጥጃዋን ነው። የአራቱ ላሞች መኖ ከጭድ ወይም ከግዢ መምጣት አለበት።

አሁን የወሊዱን ርቀት ይጨምሩበት። ላሟ በየዓመቱ ከወለደች 3.1 ቶን ድርቆሽ አንድ ጥጃ ሰጠ ማለት ነው። በየሁለት ዓመቱ ከሆነ ግን ለአንድ ጥጃ የወጣው 6.2 ቶን ነው። ጥጃው ያው ነው፤ በ8 ወሩ፣ እናቱ የሐበሻ ወይም የቦረና ከሆነችና በደህና ከተያዘ ከ120 እስከ 150 ኪሎ። ድርቆሽ በሚገዛበት በአዲስ አበባ ዙሪያ ይህ ልዩነት ብቻውን ትርፍን ወደ ኪሳራ ይለውጣል።

ምክራችን ግልጽ ነው። መሬት የሌለውና መኖ ሁሉ የሚገዛ ሰው ላም ይዞ ጥጃ ከሚያሳድግ፣ ወይፈን ገዝቶ ከ90 እስከ 120 ቀን ቢያደልብ ይሻለዋል። ጥጃ ማሳደግ የሚያዋጣው የራሱ ሣር፣ የራሱ የጤፍና የስንዴ ጭድ፣ እንዲሁም ጎተራ ላለው ሰው ነው። እርስዎ መካከል ላይ ነዎት። ከአምስቱ ላሞች በመውለድ የተሻሉትን ሁለቱን ወይም ሦስቱን ይያዙ፤ ከ18 ወር በላይ ሳትወልድ የቆየችውንና ያላረገዘችውን አሁኑኑ ይሽጡ። በእሷ መኖ የቀሩት በደንብ ይበላሉ።

ከሣሩ መሬት ሩቡን ሄክታር ለአጃና ለቬች ቢያውሉት የመኖው ጥራት በእጅጉ ይሻሻላል። ለአንድ ሄክታር 75 ኪሎ አጃና 25 ኪሎ ቬች ስለሚዘራ፣ ለሩብ ሄክታር 19 ኪሎ አጃና 6 ኪሎ ቬች ይበቃል። በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ተዘርቶ፣ የአጃው ፍሬ ወተት በያዘበት ጊዜ ይታጨዳል። ፍሬው እስኪደርቅ ከተጠበቀ አገዳው እንጨት ይሆናል፤ ቬቹም ቅጠሉን ያራግፋል። የዝሆን ሣር በቆላና በወይና ደጋ የተመሰገነ ቢሆንም የሱሉልታ ውርጭ ይጎዳዋል፤ ለአጥር ዳር ትሪ ሉሰርን የተባለው የመኖ ዛፍ ይሻላል።

ስለ ድርቆሽ አንድ ነገር እንጨምር። በአካባቢያችን ሣሩ የሚታጨደው ብዙ ጊዜ በህዳር፣ ከቢጫነት አልፎ ሲገረጣ ነው። ምግብነቱ የሚበልጠው ግማሹ ሣር ሲያብብ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ዝናብ ሊያጠቃው ስለሚችል በአንድ ቀን ሁሉንም አያጭዱ፤ በሁለት ቀን ሊገለበጥና ሊደርቅ የሚችለውን ያህል ብቻ ይጨዱ። ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ይከመር።

ጥያቄ፦ ጥጃው እየጠባ ሳለ ላሟ ኮርማ አትፈልግም። አንዷ ከወለደች 14 ወር ሆኗታል። ምን ላድርግ? (ከሆለታ)

ይህ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው ጥያቄ ነው። የላም እርግዝና 283 ቀን ግድም ነው። በ365 ቀን አንድ ጥጃ ለማግኘት ላሟ ከወለደች በኋላ ባሉት 80 ቀናት ውስጥ ማርገዝ አለባት። የሚያዘገያት ሁለት ነገር ነው፤ የሰውነቷ መክሳትና ጥጃው ቀኑን ሙሉ ጡት ላይ መዋሉ። ጥጃው አብሯት ሲውልና ደጋግሞ ሲጠባ እንቁላል የሚያበስለው የአንጎል መልእክት ይታፈናል። የከሳች ላም ላይ ይህ ሲደመር ወራት ያልፋሉ።

በመጀመሪያ አቋሟን ይመልከቱ። ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ ስትወልድ 3 መሆን አለባት፤ ጎድኗ ከሩቅ የማይቆጠር፣ በመዳፍ ሲጫኑት ግን የሚዳሰስ። ከወለደች በኋላ ማወፈር ከባድ ነው፤ የምትበላው ሁሉ ወደ ወተት ይሄዳል። ስለዚህ ተጨማሪው መኖ የሚሰጠው ከመውለዷ በፊት ባሉት ሁለት ወራት፣ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ነው፤ ከወለደች በኋላም ለሁለት ወር ተኩል ይቀጥላል። ለ100 ኪሎ ድብልቅ 65 ኪሎ ፉርሽካ፣ 33 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 1 ኪሎ ጨውና 1 ኪሎ ለመኖ የተፈጨ ኖራ ይበቃል። ፉርሽካ ፎስፈረስ በዝቶበት ካልሲየም ያንሰዋል፤ ኖራውን ካልጨመሩ አጥቢዋ ላም የምትቀንሰው ከአጥንቷ ነው። ፋጉሎ ሲገዙ ሰብረው ያሽቱት። ርጥበት ነክቶት የሻገተ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ ይይዛል፤ መርዙም በወተት በኩል ወደ ጥጃው፣ ወተቱን ከጠጡትም ወደ ሰው ይተላለፋል።

ቀጥሎ የጥጃው ጉዳይ ነው። ጥጃው 45 ቀን ሲሞላው ከእናቱ ለይተው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጧትና ማታ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ያጥቡት። በቀረው ሰዓት ጥሩ ድርቆሽ፣ ንጹሕ ውኃና ከሩብ ኪሎ የሚጀምር ድብልቅ መኖ በራሱ ጋጣ ይቅረብለት፤ 6 ወር ሲሞላው መኖው አንድ ኪሎ ይደርሳል። በዚህም ብዙ ላሞች ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ኮርማ መፈለግ ይጀምራሉ። ካልሆነ ጥጃውን ለ48 ሰዓት ሙሉ በሙሉ መለየት ይቻላል። ይህ ግን ጥጃው መኖ መብላት ከለመደ ብቻ ነው፤ ያልለመደ ጥጃ ከተመለሰ በኋላ በአንድ ጊዜ ብዙ ጠብቶ ይቀዝናል። ጥጃው ከእይታና ከድምፅ ካልራቀ ደግሞ መለየቱ ብዙም አይሠራም።

የእርስዎ 14 ወር የሆናት ላም ጉዳይ ከዚህ ያለፈ ነው። ጥጃው ከዚህ በፊት ጡት መጣል ነበረበት፤ ዛሬውኑ ያስጥሉት። ከዚያ በእጅ ምርመራ ማሕፀኗ ይታይ። አርግዛ ሳይታወቅ ሊሆን ይችላል። ባዶ ከሆነችና አቋሟ ከ3 በታች ከሆነ ለሁለት ወር ይመግቧት፤ ለውጥ ካላሳየች ለገበያ ያቅርቧት።

የወሊድ ወቅትም ይታሰብበት። በዙሪያችን ለጥጃ ክፉው ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ብርዱና ጭቃው ሳምባ ያመጣል። ላሞች ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ኮርማ ካገኙ የሚወልዱት ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይሆናል። ቀድመው የሚወለዱት ጥጆች ከባዱ ክረምት ሲመጣ አንድ ወር ያልፋቸዋል፤ ዘግይተው ለሚወለዱት ደረቅ ጋጣ ከወዲሁ ይዘጋጅ። ላሟ ደግሞ እንደገና በምትያዝበት ጊዜ አረንጓዴው ሣር ጫፍ ላይ ይሆናል። ጥጃው በጥር ጡት ጥሎ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቢመገብ ለፋሲካ ገበያ ይደርሳል። በዐቢይ ጾም የሥጋ ገበያ ስለሚቀዘቅዝ በዚያ መካከል ለመሸጥ አይገደዱ።

ሲወለድ ስለሚደረገውም አንርሳ። እትብቱ በ7 በመቶ አዮዲን ይነከር። እንገሩን በተወለደ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ በ6 ሰዓት ውስጥ ይጥባ፤ 25 ኪሎ ለሚመዝን ጥጃ በመጀመሪያው ቀን 2.5 ሊትር ያስፈልጋል። እንግዴ ልጁ እስኪወድቅ ድረስ እንገር መከልከል በአንዳንድ ቦታ የሚታይ ልማድ ነው። ጥጃው በሽታ የሚከላከልበትን ኃይል የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ አንጀቱ ይህን መቀበል የሚችለው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብቻ ነው። አይከልክሉት።

ጥያቄ፦ በዘመቻ ሆርሞን ተወግተው ከተዳቀሉት አራት ላሞቼ የያዘችው አንዷ ብቻ ናት። ሌላዋ ደግሞ ከመርፌው በኋላ አስወረደች። ሥራው ዋጋ የለውም ማለት ነው? (ከአዲስ አበባ ዳርቻ)

ዘዴው ይሠራል፤ የሚበላሸው ከመርፌው በፊት ባለው ሥራ ነው። ለዚህ የሚውለው ፕሮስታግላንዲን የተባለው፣ ላሟ ኮርማ እንድትፈልግ የሚያደርግ ሆርሞን ነው። ይህ መድኃኒት የሚሠራው በእንቁላል ማቀፊያዋ ላይ ቢጫው አካል (እንቁላል ከወጣ በኋላ በቦታው የሚፈጠረው) ባለበት ላም ብቻ ነው፤ ይህም ከ21ዱ ቀን ዑደት ውስጥ ከ6ኛው እስከ 17ኛው ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ቀድሞም ዑደት ያልጀመረች ላም ብትወጋ ምንም አይሆንም። ያረገዘች ከተወጋች ግን ታስወርዳለች። ስለዚህ ከመርፌው በፊት ባለሙያው እያንዳንዷን ላም በእጅ መመርመር አለበት፤ እርጉዝ አለመሆኗን፣ ቢጫው አካል መኖሩን፣ ከወለደች 60 ቀን ማለፉን፣ አቋሟም ቢያንስ ወደ 3 መድረሱን። ምርመራ ሳይደረግ «ሁሉም ይሰለፍ» ከተባለ ላሞችዎን ይዘው ይመለሱ። ይህ መብትዎ ነው።

ከተወጋች በኋላ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ድረስ ተግቶ መጠበቅ ይገባል። የሐበሻና የቦረና ላሞች ፍላጎት አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሌሊት ይጀምርና ጎህ ሲቀድ ያልፋል። ቁርጠኛው ምልክት ሌላ ላም ስትወጣባት ጸጥ ብላ መቆሟ ነው፤ ማግሳት ብቻውን አይበቃም። ጧት ያዩአት ማታ፣ ማታ ያዩአት በማግሥቱ ጧት ትዳቀል። ዘመቻው ሁሉንም በአንድ ሰዓት የሚያዳቅል ከሆነ ቀድማ የጀመረችውም ዘግይታ የጀመረችውም ያመልጣሉ።

ሦስተኛው የብልሽት ምንጭ አባላዘሩ ነው። የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅኑ አንድ ጊዜ ካነሰ የሞተው አባላዘር ተመልሶ ቢቀዘቅዝም አይድንም። ሲቀልጥ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ባለ ውኃ ውስጥ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ መቆየት አለበት። ባለሙያው ቴርሞሜትርና ሙቅ ውኃ የያዘ ፔርሙዝ ከሌለው፣ በብብት ወይም በእጅ ካሟሟው፣ በአክብሮት ውኃውን እርስዎ ያዘጋጁለት። ከዚያ የኮርማውን ቁጥርና ቀኑን ይመዝግቡ። ከ18 እስከ 24 ቀን ድረስ ተመልሳ መፈለጓን ያስተውሉ፤ ካልተመለሰች በ60ኛው ቀን በእጅ ይመርመር።

ስላስወረደችው ላም፦ መርፌው ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ግን ብሩሴላ (ላም የሚያስወርድና ወደ ሰውም የሚተላለፍ በሽታ) አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ዝም ማለት አይገባም። የወደቀውን በባዶ እጅ አይንኩ፤ ለውሻ አይስጡ፤ በጥልቀት ይቀበር። ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ፤ የደም ናሙናውም ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እንዲላክ ይጠይቁ። ውጤቱ እስኪታወቅ ያልፈላ ወተት ማንም አይጠጣ።

ላሞችዎ አሥር ከሞሉ ወይም ከጎረቤት ጋር አሥር መሙላት ከቻሉ፣ አንድ የተመረመረ የቦረና ኮርማ በጋራ መያዝ ከዘመቻ ይልቅ ብዙ ጥጃ ይሰጣል። አንድ ጎልማሳ ኮርማ ከ25 እስከ 30 ላም ይበቃዋል። ከመግባቱ በፊት ለብሩሴላና ለሳምባ ነቀርሳ ይመርመር፤ ሴት ልጆቹ ለኮርማ ከመድረሳቸው በፊት፣ ማለትም በሦስት ዓመት ውስጥ፣ ይለወጥ።

ጥያቄ፦ ባንክ የቤት ካርታ አምጣ አለኝ። ላሞቼን ማስያዝ አይቻልም? (ከሰበታ)

በሕግ ይቻላል። የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የቁም እንስሳትን በዋስትናነት ይቀበላል፤ ዋስትናውም የሚመዘገበው በብሔራዊ ባንክ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ነው። አበዳሪው የሚፈልገው የላሞቹን ማንነትና ዋጋ ማረጋገጥ ነው። የጆሮ ቁጥር ያስገቡ፤ የጎንና የፊት ፎቶ ያንሡ፤ የክትባት ማስረጃ፣ የእርግዝና ምርመራ ውጤትና ከቀበሌ የባለቤትነት ማረጋገጫ ይያዙ። ሁሉም ቅርንጫፍ በዚህ አሠራር እኩል አልለመደም፤ አዋጁን ጠቅሰው የብድር ክፍሉን ኃላፊ ያነጋግሩ።

ከወለድ መጠን ይልቅ የሚያስጨንቀን የመክፈያ ጊዜው ነው። ዛሬ የተገዛች ባዶ ጊደር ወዲያው ብትይዝ እንኳ 9 ወር እርግዝና፣ 8 ወር ማሳደግ፣ በጠቅላላው 17 ወር ያልፋል የመጀመሪያው ጥጃ እስኪሸጥ። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ በየወሩ ክፈል የሚል ውል ከፈረሙ ለዕዳው የምትሸጠው ላሟ ራሷ ትሆናለች። ወይ 18 ወር የእፎይታ ጊዜ ይጠይቁ፤ ወይም በብድሩ የ7 ወር እርጉዝ ላም ይግዙ። በሁለተኛው መንገድ ጥጃው ለገበያ የሚደርሰው በ10 ወር ገደማ ነው። እርግዝናው ከግዢው በፊት በሐኪም ይረጋገጥ።

የኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኪራይ መልክ ማሽን የሚያቀርብበት አሠራር 20 በመቶ የራስ መዋጮ ይጠይቃል። ይህ ለድርቆሽ ማሠሪያና ለመኖ መከታተፊያ ማሽን እንጂ ለላም መግዣ አይሆንም፤ ለብቻ ሳይሆን በማኅበር ቢጠየቅ ይመረጣል። በቦረና የሚሠራው በሳተላይት የግጦሽ መለኪያ ላይ የተመሠረተ መድን ለአዲስ አበባ ዙሪያ አይደለም፤ የአንዲት ላም ሞትንም አይክስም።

ጥያቄ፦ ቀበሌያችን ወደ ሸገር ከተማ ገብቷል። አሁን ድጋፍ የምጠይቀው ማንን ነው? (ከለገጣፎ)

ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ሲደራጅ የገጠር ቀበሌዎች የነበሩ ቦታዎች በክፍለ ከተሞች ሥር ገብተዋል። የሚሄዱት ወደ ክፍለ ከተማዎ የግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። በአዲስ አበባ አስተዳደር ወሰን ውስጥ ያሉ ደግሞ በከተማው የአርሶ አደርና ከተማ ግብርና ልማት ኮሚሽን ሥር ይስተናገዳሉ። የቀድሞ የገጠር ይዞታ ማረጋገጫዎን ዋናውን ለማንም አይስጡ፤ ኮፒውን ብቻ ያቅርቡ። መሬቱ ለልማት የሚፈለግ ከሆነ አልምተው የከለሉት ሣር ካሳ የሚታሰብበት ንብረት ነው፤ በየዓመቱ ያገኙትን የድርቆሽ መጠንና የሸጡበትን ደረሰኝ ከአሁኑ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ጭድ በዩሪያ ማከም ላሜን አይመርዝም? (ከሆለታ)

በልኩ ከተሠራ አይመርዝም። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ ሙሉ በሙሉ ይሟሟ። በላስቲክ በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ጭዱ በስስ በስሱ እየተነጠፈ ይረጭበት፤ በደንብ ይረገጥ፤ አየር እንዳይገባው ይከደን። 21 ቀን ይቆያል፤ በብርዳማው የሱሉልታና የሆለታ ደጋ 28 ቀን ቢሆን ይሻላል። ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ዓይን የሚያቃጥል ነው፤ የሚበላው ሌሊቱን ተዘርግቶ ከተናፈሰ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይስጡ። አደጋው ዩሪያው ሳይሟሟ ሲቀርና ላሟ በርሜል ውስጥ የተረፈውን ስትጠጣ ነው። ምራቅ ካዝረበረበች፣ ከተንቀጠቀጠችና ሆዷ ከተነፋ ሐኪም ይጠራ፤ እስኪደርስ ከ2 እስከ 4 ሊትር አቸቶ ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር በጥንቃቄ ይጠጣት። ከ6 ወር በታች ላለ ጥጃ፣ ለፈረስ፣ ለአህያና ለበቅሎ ፈጽሞ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ የትኛው ክትባት መቼ? (ከሱሉልታ)

የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት በየዓመቱ ከክረምት በፊት፣ በሚያዝያና በግንቦት ይሰጥ። አባ ጎርባ የሚገድለው ከሁሉ በላይ ወጣቶቹን፣ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያሉትን ነው፤ ስለዚህ የሚሸጡ ወይፈኖችን አይዝለሉ። የቆዳ ጉርብርብ ክትባት በዓመት አንዴ ይሰጣል። ክትባቶቹ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ ተቋም ይመረታሉ፤ የሚበላሹት ግን በመንገድ ላይ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለባቸው፤ በበረዶ ሳጥን ያልመጣ ክትባት ጥቅም የለውም። አባ ሰንጋ ሲከተቡ በዚያው ሳምንት አንቲባዮቲክ ከተሰጠ ክትባቱ ይመክናል።

በረግረጋማው የሱሉልታ ሜዳ የጉበት ትል ከክትባቱ እኩል ይታሰብበት። በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ከዚያም በሰኔ መድኃኒት ይሰጥ። አልቤንዳዞል የሚገድለው ትልቁን ትል ብቻ ነው፤ ትሪክላቤንዳዞል ትንሹንም ይገድላል፤ መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 12 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ ክብደቷን ማወቅ ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ሚዛን በሌለበት እንዴት ልመዝን? ነጋዴው በዓይኑ ገምቶ ያሸንፈኛል። (ከሰንዳፋ)

በልብስ ሰፊ ሜትር ይቻላል። ከብቱ በደልዳላ መሬት ላይ በአራቱም እግሩ እኩል ይቁም። ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ በሴንቲሜትር ይለኩ። ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ አጥንት ያለውን ርዝመት ይለኩ። ዙሪያውን በራሱ አባዝተው በርዝመቱ ያባዙ፤ ለ10,840 ያካፍሉ። ደረቱ 150፣ ርዝመቱ 120 ሴንቲሜትር ከሆነ 150 ሲባዛ በ150፣ ሲባዛ በ120፣ ሲካፈል ለ10,840፣ 249 ኪሎ ይሆናል። ጠዋት፣ ሣርና ውኃ ሳይቀርብለት ይለኩት፤ የጠገበ ከብት ሆዱ ይወጠርና ልኬቱን ያሳስታል። ስህተቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊደርስ ስለሚችል ሁለት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይያዙ፤ ዋጋውንም በኪሎ አስበው ከቤት ይውጡ።